የከተማ ዕድገት ልኬት፦ «ስማርት ከተማ» እና ዘላቂ ልማት በከሚሴ ምሳሌነት

«ስማርት ከተማ» የሚለው ስያሜ በዛሬው ጊዜ በመንግሥት ዕቅዶችም ሆነ በመገናኛ ብዙኃን አዘውትሮ ይነሣል። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘው ስትራቴጂም ሆነ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች የተዛመተው የኮሪደር ልማት ስያሜውን ይበልጥ አስለምደውታል። ስያሜው ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው የመንገድ ካሜራ፣ ራሱን የሚያበራና የሚያጠፋ መብራት፣ በስልክ የሚከፈል ሒሳብ ነው። ነገር ግን አንዲትን ከተማ «ስማርት» የሚያሰኛት የመሣሪያዎቿ ብዛት ነው ወይስ በመሣሪያዎቹ አማካይነት ስለ ራሷ የምታውቀው ነገር ትክክለኛነት? ይህ ጽሑፍ የሁለተኛውን ወገን ይዞ ይከራከራል፤ ክርክሩንም በቁጥር ለማስረዳት ይሞክራል።

የፊዚክስ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ የቤተ ሙከራ ሰዓታት የሚማራቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ በትክክል መወሰን ነው። ሁለተኛው የሚለካውን ሥርዓት ወሰን ማበጀት፣ ማለትም ምኑ በውስጥ ምኑ በውጭ እንደሚቀር መለየት ነው። ሦስተኛው ከውጤቱ ጎን የስሕተቱን ወሰን አብሮ መጻፍ ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች ለፔንዱለምና ለኤሌክትሪክ ዑደት ብቻ የተደነገጉ አይደሉም፤ ከተማን ለመለካትም ያገለግላሉ።

ዘላቂ ልማትና አመልካቾቹ

«ዘላቂ ልማት» የሚለው ጽንሰ ሐሳብ በዓለም ዙሪያ የታወቀው የብሩንድትላንድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ሪፖርት ነው። የአሁኑ ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የመጪውን ትውልድ ፍላጎት የማሟላት አቅም ማጉደል የለበትም የሚል ነው ፍሬ ሐሳቡ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች 17 የዘላቂ ልማት ግቦችንና 169 ዒላማዎችን አጽድቀዋል። ከእነዚህ መካከል 11ኛው ግብ የሚመለከተው ከተሞችንና የሰው ልጅ መኖሪያዎችን ነው።

ግብ ያለ መለኪያ ምኞት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህም ልዩ ልዩ ድርጅቶች የከተማ አመልካቾችን አዘጋጅተዋል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ከተማ አገልግሎትና የኑሮ ጥራት 37120 የሚል ቁጥር ያለውን ደረጃ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ስለ ስማርት ከተሞች 37122ን፣ አደጋን ስለሚቋቋሙ ከተሞች 37123ን አከለበት። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት አካላት ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው ጥምረትም ለስማርትና ለዘላቂ ከተሞች 91 አመልካቾችን አቅርቧል። አመልካቾቹ በኢኮኖሚ፣ በአካባቢ፣ እንዲሁም በማኅበረሰብና ባህል ዘርፎች የተከፈሉ ናቸው።

እነዚህን ዝርዝሮች በጥሞና ለተመለከተ ሰው አንድ የጋራ ጠባይ ጎልቶ ይታየዋል። ከአመልካቾቹ አብዛኞቹ ክፍልፋዮች ናቸው፦ ለአንድ ሰው የሚደርስ ውሃ፣ ከመቶ አባወራዎች ኤሌክትሪክ ያላቸው፣ ለ100,000 ሰው የሚደርስ የሐኪም ቁጥር። ክፍልፋይ ደግሞ ላዕልና ታኅት አለው። የስማርት ከተማ ቴክኖሎጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሻሽለው ላዕሉን ነው። ታኅቱ፣ ማለትም የሕዝቡ ቁጥር፣ እምብዛም አይነሣም። አሁን ይህ ምን እንደሚያስከትል በአንዲት ከተማ ላይ እንይ።

ከሚሴ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን (በተለምዶ ኦሮሚያ ዞን የሚባለው) ርእሰ ከተማም ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ወደ 457 ሺህ ሲሆን፣ በከተማ የሚኖረው ከመቶ 11 ያህሉ ብቻ ነበር። የከሚሴ ከተማ ነዋሪ ደግሞ ወደ 20 ሺህ የተጠጋ ነበር።

ከሚሴ በሴንሰር ብዛት የምትጠቀስ ከተማ አይደለችም፤ ለትምህርታችን የመረጥናትም ስለዚሁ ነው። በኢትዮጵያ የሚገኙት ከተሞች አብዛኞቹ የሚመሳሰሉት ከአዲስ አበባ ይልቅ ከእርሷ ጋር ነው። በአውራ ጎዳና ዳርና ዳር የተዘረጉ፣ በፍጥነት የሚያድጉ፣ የአገልግሎት ተቋሞቻቸው ከዕድገታቸው ኋላ የሚሮጡ ናቸው። የልኬት ዘዴ ለከሚሴ ካልሠራ ለአብዛኛው የአገራችን ከተማ አይሠራም ማለት ነው።

የማይታወቀው ታኅት

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። የመጀመሪያው ቆጠራ በ1976፣ ሁለተኛው በ1987፣ ሦስተኛው በ1999 ዓ.ም. ተካሂዷል። አራተኛው በ2010 ዓ.ም. መካሄድ ሲገባው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ስብሰባቸው እንደገና አራዘሙት። ስለዚህ ዛሬ የምንጠቀምበት የከተማ ሕዝብ ቁጥር ከ1999 ዓ.ም. ተነሥቶ በስሌት የተገመተ ነው።

ግምቱ የሚሠራው በሚከተለው ቀመር ነው፦

የአሁኑ ሕዝብ = የመነሻ ሕዝብ × (1 + ዓመታዊ የዕድገት መጠን)^የዓመታት ብዛት

መነሻውን 20,000፣ የዓመታቱን ብዛት ከ1999 እስከ 2017 ዓ.ም. ያለውን 18 ዓመት እናድርግ። የዕድገት መጠኑ ምን ያህል ነው? የከተማ ሕዝብ የሚያድገው በውልደት ብቻ ሳይሆን ከገጠር በሚመጣ ፍልሰትም ነው፤ ፍልሰት ደግሞ በድርቅ፣ በግጭት፣ በሥራ ዕድል ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። በዚህ ምክንያት ከመቶ 3፣ ከመቶ 4 እና ከመቶ 5 የሚሉትን ሦስት ግምቶች ጎን ለጎን እንውሰድ። ውጤቱ እንደ ቅደም ተከተሉ 34,000፣ 40,500 እና 48,100 ያህል ይሆናል። በዕድገት መጠኑ ላይ የነበረው የአንድና የሁለት ነጥብ ልዩነት በ18 ዓመት ተጠራቅሞ ወደ 14,000 ሰው ሆነ።

አሁን ይህን ቁጥር በውሃ አመልካች ታኅት ላይ እናስቀምጠው። ለስሌት ያህል የከተማዋ የውሃ አገልግሎት በቀን 2,000 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 2,000,000 ሊትር ያሠራጫል ብለን እናስብ፤ ይህ ቁጥር ለምሳሌ የተወሰደ እንጂ የከሚሴ መዝገብ አይደለም። ለአንድ ሰው በቀን የሚደርሰው ውሃ በመጀመሪያው የሕዝብ ግምት 58.7፣ በሁለተኛው 49.4፣ በሦስተኛው 41.6 ሊትር ይሆናል።

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (2008–2012 ዓ.ም.) ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ነዋሪ ላላት ከተማ የተቀመጠው መመዘኛ በቀን ለአንድ ሰው 50 ሊትር ነበር። ስሌታችንን ከዚህ መመዘኛ ጋር ስናነጻጽር ከተማዋ በመጀመሪያው ግምት መመዘኛውን አልፋለች፣ በሁለተኛው ለጥቂት ወድቃለች፣ በሦስተኛው በሰፊው ወድቃለች። የቧንቧው ውሃ በሦስቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የተለወጠው ታኅቱ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ በዚሁ ዕቅድ መሠረት የነዋሪዎቿ ቁጥር 50 ሺህ ያለፈ ከተማ መመዘኛዋ ወደ 60 ሊትር ከፍ ይላል። የሕዝብ ቁጥሯ ሳይታወቅ ያደገች ከተማ በወረቀት ላይ ግቧን የመታች መስላ ስትታይ፣ በጀትና ጥልቅ ጉድጓድ ለሌላ ይሰጣል፤ በቦኖ ዙሪያ ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉት ግን አይቀንሱም። የልኬት ስሕተት በሰው ኑሮ ላይ የሚያርፈው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

ሴንሰር ወይስ ቆጠራ?

የአንድ ክፍልፋይ የስሕተት ወሰን ከላዕሉና ከታኅቱ ስሕተቶች የሚገኝበት ሕግ ለፊዚክስ ተማሪዎች የታወቀ ነው። ሁለቱ ስሕተቶች እርስ በርስ የማይገናኙ ከሆኑ፦

የክፍልፋዩ አንጻራዊ ስሕተት = √(የላዕሉ አንጻራዊ ስሕተት² + የታኅቱ አንጻራዊ ስሕተት²)

የሕዝብ ግምታችን መሐል ቁጥር 40,500 ሲሆን ወደ ላይና ወደ ታች 7,000 ያህል ይወዛወዛል፤ ይህን በግርድፉ እንደ ከመቶ 17.4 ስሕተት እንቁጠረው። የውሃ ማሠራጫው አሮጌ ቆጣሪ ደግሞ ከመቶ 10 ይሳሳታል እንበል። በቀመሩ መሠረት የነፍስ ወከፍ ውሃው ስሕተት ከመቶ 20 ያህል ይሆናል።

የከተማው አስተዳደር ይህን ለማሻሻል ሁለት አማራጮች አሉት። አንደኛው አሮጌውን ቆጣሪ አንሥቶ በኢንተርኔት ንባቡን የሚልክና ከመቶ 2 ብቻ የሚሳሳት ዲጂታል ቆጣሪ መትከል ነው። በዚህ ጊዜ ጠቅላላ ስሕተቱ ከመቶ 20 ወደ ከመቶ 17.5 ዝቅ ይላል። ሁለተኛው አሮጌውን ቆጣሪ እንዳለ ትቶ፣ በየቀበሌው ቤት ለቤት በመዞር የነዋሪውን ቁጥር ከመቶ 5 በማይበልጥ ስሕተት ማወቅ ነው። በዚህኛው ጠቅላላ ስሕተቱ ወደ ከመቶ 11.2 ይወርዳል። ደብተርና እርሳስ የያዙ የቀበሌ ቆጣሪዎች በዚህ ስሌት ዘመናዊውን መሣሪያ በሰፊ ልዩነት በለጡት።

ከዚህ የምንማረው ሴንሰር ዋጋ የለውም የሚል አይደለም። ትልቁን የስሕተት ምንጭ ሳንነካ ትንሹን ማጥራት ብዙ ትርፍ እንደሌለው ነው የምንማረው። በሌላ በኩል ሴንሰር በትክክለኛው ቦታ ሲተከል ድንቅ ሥራ ይሠራል። ለምሳሌ በማሠራጫው መነሻና በየቤቱ ቆጣሪ መካከል ያለው ልዩነት በመስመር ላይ የሚባክነውን ውሃ ይነግረናል። በምሳሌያችን ከ2,000,000 ሊትሩ ከመቶ 30 የሚሆነው በተሰነጠቀ ቧንቧ ቢፈስ፣ በሁለተኛው የሕዝብ ግምት ለሰው የሚደርሰው 49.4 ሳይሆን 34.6 ሊትር ብቻ ነው። ሌሊት ከተማው ሲተኛ የሚፈሰውን ውሃ የሚመዘግብ አንድ ሴንሰር ይህን ብክነት ያጋልጣል።

የገበያ ቀን

ታኅቱ ላይ ሌላም ጥያቄ አለ። የከተማ ተገልጋይ ማለት በዚያ የሚያድር ሰው ብቻ ነውን? በዚሁ ዞን የምትገኘው ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ናት። ከአፋር ቆላ፣ ከወሎ ደጋና ከዙሪያዋ ገጠር ገበያተኛው ከከብቱና ከግመሉ ጋር ይመጣል። በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ያለችው ሰንበቴም በእሑድ ገበያዋ ትታወቃለች። የሕዝብ ቆጠራ የሚቆጥረው ነዋሪን ነው፤ በገበያ ቀን ውሃ የሚጠጣው፣ መጸዳጃ የሚፈልገውና ቆሻሻ የሚተወው ግን ነዋሪውም ገበያተኛውም ነው።

አሁንም ለምሳሌ ያህል 25,000 ነዋሪ ያላት ከተማ በሳምንት አንድ ቀን 15,000 ገበያተኛ ታስተናግዳለች እንበል። የሳምንቱ ድምር 25,000 × 7 + 15,000 = 190,000 «ሰው–ቀን» ነው፤ ለሰባት ቢካፈል በቀን 27,143 ይሆናል። አማካዩ ከነዋሪው የሚበልጠው ከመቶ 8.6 ብቻ ነው። በገበያው ቀን ግን ጭነቱ ከመቶ 60 ይጨምራል። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ትራንስፎርመር የሚመርጠው በአማካይ ጭነት ሳይሆን በከፍተኛው ጭነት እንደሆነ ሁሉ፣ የገበያ ከተማም መጸዳጃዋንና የቆሻሻ ማንሻዋን በአማካይ ሕዝብ ልታቅድ አትችልም። የሞባይል ስልክ ማማዎች የሚመዘግቡት የተጠቃሚ ብዛት፣ የሰዎችን ማንነት በማይገልጥ መልኩ ተደምሮ ሲቀርብ፣ ይህን የሰኞና የእሑድ መዋዠቅ ለማሳየት ይጠቅማል። የስማርት ከተማ ቴክኖሎጂ ታኅቱን ለማገልገል የሚውልበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

የሥርዓቱ ወሰን፦ የቦርከና ወንዝ

በቴርሞዳይናሚክስ አንድን ሥርዓት ከማጥናታችን በፊት ወሰኑን እንሠራለን፤ ከዚያም ወሰኑን አቋርጦ የሚገባውንና የሚወጣውን እንመዘግባለን። ከተሞች ሪፖርታቸውን ሲያዘጋጁ ወሰናቸው የአስተዳደር ድንበራቸው ነው። ወንዝ ግን ይህን ድንበር አያውቅም።

ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተራሮች ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ጨፋ ሜዳና ወደ ከሚሴ አካባቢ የሚወርድ፣ በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ የሚገኝ ወንዝ ነው። ከከሚሴ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለችው ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የቆዳና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የሚገኙባት የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳም በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ተመርቋል። የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀበሉት የሌዮሌና የወርቃ ወንዞች የቦርከና ገባሮች ሲሆኑ፣ በእነዚህ ወንዞች ውስጥ ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን የተመራማሪዎች ልኬት አሳይቷል። ኮምቦልቻ በድንበሯ ውስጥ ብቻ ብትለካ የሥራ ዕድል፣ የምርትና የገቢ አመልካቾቿ ይጨምራሉ፤ ፍሳሹ ግን ወሰኗን አቋርጦ በታችኛው ተፋሰስ ሒሳብ ላይ ይመዘገባል። የሁለቱን ድምር የሚያሳይ አመልካች የሚገኘው ወሰኑ ከከተማው ወደ ተፋሰሱ ሲሰፋ ብቻ ነው።

የሚለካበት ወቅትም ከቦታው ያላነሰ ቁም ነገር ነው። አንድ ፋብሪካ በሰዓት 1 ኪሎ ግራም የሚመዝን በካይ ነገር ወደ ወንዝ ይለቅቃል እንበል። ወንዙ በክረምት በሴኮንድ 10 ሜትር ኩብ ሲፈስ፣ በአንድ ሊትር ውሃ የሚገኘው በካይ 0.028 ሚሊ ግራም ነው። በበጋ ፍሰቱ ወደ 0.5 ሜትር ኩብ ቢወርድ ክምችቱ 20 ጊዜ አድጎ 0.56 ሚሊ ግራም ይሆናል። ፋብሪካው የለወጠው ነገር የለም። በነሐሴ የተቀዳ ናሙና «ንጹሕ» ሲሆን በግንቦት የተቀዳው ይወድቃል። የጨፋ እርጥብ መሬት ደግሞ ከአካባቢው ነዋሪ አልፎ ከአፋር የሚመጡ አርብቶ አደሮች በደረቁ ወቅት ከብታቸውን የሚያሰማሩበት ነው። ውሃው ይበልጥ በሚበከልበት ጊዜ ተጠቃሚው ይበልጥ ይበዛል ማለት ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ የሚወሰድ ናሙና ልኬት ተብሎ ሊጠራ አይገባውም፤ ክምችቱም ፍሰቱም በየወሩ አብረው መመዝገብ አለባቸው። በዚህ ሥራ ላይ የውሃ ከፍታና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ሴንሰሮች ያለ ጥርጥር ጠቃሚዎች ናቸው።

መሬትን ከሳተላይት መለካት

ከ11ኛው ግብ አመልካቾች አንዱ የከተማ መሬት የሚስፋፋበትን ፍጥነት ሕዝቡ ከሚያድግበት ፍጥነት ጋር ያነጻጽራል፦

የመሬት አጠቃቀም ንጽጽር = የተገነባው መሬት ዓመታዊ የዕድገት መጠን ÷ የሕዝብ ዓመታዊ የዕድገት መጠን

ውጤቱ ከ1 ሲበልጥ ከተማዋ ከሕዝቧ ፈጥና መሬት እየወሰደች ነው፤ ከ1 ሲያንስ እየተጠጋጋች ነው። ላዕሉን ለማግኘት ዛሬ ማንም ተማሪ አቅሙ አለው። የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በነጻ ይገኛሉ፤ የአንዱ ፒክስል ጎን 30 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጀመሪያው የመጠቀው የሴንቲነል–2 ምስል ፒክስል ጎን ደግሞ 10 ሜትር ነው። ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። በበጋ የታረሰ ባዶ መሬትና የተገነባ መሬት በሳተላይት ዓይን ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ ምስሎቹ ከአንድ ወቅት የተወሰዱ ሊሆኑ ይገባል።

የአንዲት ከተማ የተገነባ መሬት በ10 ዓመት ውስጥ ከ4 ወደ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሰፋ ዓመታዊ ዕድገቱ (6 − 4) ÷ 4 ÷ 10 = ከመቶ 5 ነው። የሕዝቡ ዕድገት ከመቶ 3 ከሆነ ንጽጽሩ 1.67፣ ከመቶ 4 ከሆነ 1.25፣ ከመቶ 5 ከሆነ 1 ይሆናል። ሳተላይቱ በ700 እና በ800 ኪሎ ሜትር መካከል ካለ ከፍታ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ከተማዋ የእርሻ መሬት ታባክናለች ወይስ አታባክንም የሚለው ፍርድ ግን አሁንም በዚያው በቀበሌው መዝገብ ላይ ተንጠልጥሏል።

አማካይና ደረጃ የሚደብቁት

አማካይ ቁጥር ልዩነትን ይሸፍናል። በአንዱ ሰፈር 80 ሊትር፣ ያንኑ ያህል ሕዝብ ባለው በሌላው 20 ሊትር ቢደርስ አማካዩ 50 ነው፤ መመዘኛውም «ተሟልቷል»። ልዩ ልዩ አመልካቾችን ደባልቆ ለአንድ ከተማ አንድ ነጥብ መስጠትም ተመሳሳይ አደጋ አለው። ከ0 እስከ 1 በሚሰጥ ነጥብ አንዲት ከተማ በኢንተርኔት 0.9፣ በመንገድ 0.9፣ በንጹሕ ውሃ 0.1 ብታገኝ የድምር አማካይዋ 0.63 ነው። ሦስቱን አባዝተን በሦስተኛ ሥር ብናወጣው፣ ማለትም በጂኦሜትሪያዊ አማካይ፣ 0.43 ይሆናል። ሁለተኛው ስሌት በአንዱ ዘርፍ የታየ ድክመት በሌላው ብልጫ በቀላሉ እንዳይሸፈን ያደርጋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ልማት መለኪያም እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ጂኦሜትሪያዊ አማካይ የተሸጋገረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ትንሽ ከተማን ከትልቅ ጋር ማነጻጸርም ቀላል አይደለም። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሉዊስ ቤተንኮርትና ጄፍሪ ዌስት ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ የከተማ መሠረተ ልማት ከሕዝብ ብዛት ጋር እኩል እንደማያድግ አሳይተዋል። የሕዝብ ብዛት በእጥፍ ሲጨምር እንደ መንገድና ገመድ ያሉት የሚጨምሩት በ1.8 ጊዜ ያህል ነው፤ ገቢና የፈጠራ ሥራ ግን በ2.2 ጊዜ ያህል ይጨምራሉ። በዚህ ሕግ ብንሄድ ሕዝቧ 100 እጥፍ የሚበልጥ ከተማ ለአንድ ሰው የሚያስፈልጋት የመንገድ ርዝመት የትንሿ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ከሚሴና አዲስ አበባ በነፍስ ወከፍ ቁጥር ብቻ ቢወዳደሩ ውድድሩ ከመነሻው የተዛባ ነው። ጥናቱ በአብዛኛው የተመሠረተው በአሜሪካ፣ በቻይናና በአውሮፓ ከተሞች ላይ በመሆኑ፣ ሕጉ በኢትዮጵያ ከተሞች ላይ መሥራቱን መፈተሽ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርእስ ነው።

የጊዜ ሰንሰለት

ዕድገት ማለት የሁለት ጊዜያት ልዩነት ስለሆነ፣ የጊዜ አቆጣጠር ስሕተት የዕድገት ስሕተት ነው። በአገራችን ይህ አደጋ ከሌላው ዓለም የበለጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተካሄደውን ቆጠራ አንድ ሰው በስሕተት 2007 ዓ.ም. ብሎ ቢመዘግበው፣ 18 ዓመቱ 10 ዓመት ይሆናል፤ ሕዝቡ ከ20,000 ወደ 40,500 ለማደግ የወሰደበት መጠን ከመቶ 4 መሆኑ ቀርቶ ከመቶ 7.3 ሆኖ ይወጣል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 የሚጀምር መሆኑም ከሌሎች አገሮች መረጃ ጋር ሲነጻጸር መታሰብ አለበት።

ሰንሰለቱ የሚቋረጥበትም ጊዜ አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴን ጨምሮ በአውራ ጎዳናው ላይ ወዳሉት ከተሞች ዘልቆ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ኤሌክትሪክና ስልክ ከተቋረጠ ሴንሰሩም ይዘጋል፤ ከተማዋ መረጃ በጣም በሚያስፈልጋት ሰዓት ዕውር ትሆናለች። ከዚያም በኋላ የሚመጣውን ቁጥር ከቀድሞው ጋር በቀጥታ መስመር ማያያዝ ውድቀቱንም ማገገሙንም ይደብቃል። የተሻለው ዘዴ የተቋረጠበትን ጊዜ ክፍት ትቶ ማሳየት፣ ከዚያም አገልግሎቱ ወደ ቀድሞ ደረጃው ለመመለስ የወሰደበትን ጊዜ ለብቻው መለካት ነው። የካፓሲተርን የመሙላት ጊዜ የለካ ተማሪ ይህን ሐሳብ ያውቀዋል። አደጋን የመቋቋም አቅም የሚባለውን በቁጥር ለመግለጽ አንዱ መንገድ ይኸው የማገገሚያ ጊዜ ነው።

ማጠቃለያ

ለከሚሴም ሆነ ለማናቸውም ከተማ የሚቀርብ የዘላቂ ልማት ሪፖርት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይገባዋል፦ ታኅቱ ከየት መጣ? የሥርዓቱ ወሰን የት ነው? የስሕተቱስ ወሰን ምን ያህል ነው? እነዚህን ያልመለሰ ሪፖርት በዘመናዊ ሰሌዳ ላይ በደማቅ ቀለም ቢታይም ውሳኔ ሊመሠረትበት አይገባም። በተቃራኒው የቀበሌ የነዋሪዎች መዝገቧን በየዓመቱ የምታድስ፣ የቆጣሪ ንባቧን በአግባቡ የምታስቀምጥ፣ ወንዟን በክረምትም በበጋም የምትለካ ትንሽ ከተማ ለስማርትነት የሚያበቃውን ዋናውን ሥራ ጀምራለች። ሴንሰሩ በዚህ መሠረት ላይ ሲተከል ዋጋውን ይመልሳል።

መልመጃ

1. የመነሻ ሕዝብ 20,000፣ ዓመታዊ ዕድገት ከመቶ 3.5፣ ጊዜው 18 ዓመት ቢሆን የአሁኑ ሕዝብ ስንት ነው? በቀን 2,000,000 ሊትር ቢሠራጭ ለአንድ ሰው ስንት ይደርሳል? (መልስ፦ 37,150 ያህል፤ 53.8 ሊትር።)

2. የተገነባ መሬት በ8 ዓመት ከ5 ወደ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፋ፤ ሕዝቡ በዓመት ከመቶ 4 አደገ። ንጽጽሩን አስሉ፤ ከተማዋ እየተበተነች ነው ወይስ እየተጠጋጋች? (መልስ፦ 0.63 ያህል፤ እየተጠጋጋች ነው።)

3. በሰፈራችሁ ባለ ቦኖ ወይም ቧንቧ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ለመሙላት የሚወስደውን ጊዜ በስልካችሁ አምስት ጊዜ ለኩ። አማካዩን የፍሰት መጠን በሴኮንድ ሊትር ከስሕተት ወሰኑ ጋር ጻፉ። ልኬቱን በጠዋትና በማታ፣ በገበያ ቀንና በሌላ ቀን ደግማችሁ አነጻጽሩ።

4. በከተማችሁ ሪፖርት ውስጥ በነፍስ ወከፍ የተገለጸ አንድ ቁጥር ፈልጉ። ታኅቱ የየትኛው ዓመት ሕዝብ እንደሆነ፣ ዓመቱም በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ አጣሩ።